«ፊደስ ኤት ራሲዮ»ን በቡድን ለማንበብ፦ ለአወያዮች መመሪያ

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ስለ እምነትና አእምሮ የጻፉት «ፊደስ ኤት ራሲዮ» (በላቲን «እምነትና አእምሮ») የተባለው ሐዋርያዊ መልእክት የተፈረመው መስከረም 4 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 1998) ነው። ዕለቱ በላቲን ሥርዓት የቅዱስ መስቀል በዓል የሚከበርበት ነው። ይህን ያዙት፤ የመልእክቱ አንቀጽ ቁጥር 23 ላይ ስትደርሱ ያስፈልጋችኋል።

መልእክቱ መግቢያ፣ ሰባት ምዕራፎችና መደምደሚያ አለው፤ በጠቅላላው 108 ቁጥሮች ነው። የተጻፈው ለጳጳሳት ስለሆነ አንባቢው የፍልስፍናን ታሪክ ያውቃል ብሎ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ከቁጥር 1 ጀምሮ በተርታ የሚያነብ ቡድን በቀላሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰዎቹ ሰንፈው ወይም ጽሑፉ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ አይደለም፤ አካሄዱ ነው የሚያስቸግረው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ፍልስፍና ላልተማረ፣ ግን ማሰብ ለማይፈራ ሰው የሚሆን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ከ10 ሲያልፍ ዝም ብለው የሚሄዱ ሰዎች ይኖራሉ፤ ከ5 ሲያንስ ደግሞ አንድ ሰው ሲቀር ውይይቱ ይላላል። አሥር ስብሰባ መድቡ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። የሁሉም ቅጂ የአንቀጽ ቁጥር ያለው ይሁን፤ ገጽ እየጠሩ መነጋገር ጊዜ ይበላል፣ ቁጥር ግን በየትኛውም ቋንቋና እትም አንድ ነው። አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በጣልያንኛ ቢያነብ ችግር የለም። ውይይቱ ግን በአማርኛ ይሁን። የባዕድ ቃል እየደጋገሙ የተረዱ የሚመስላቸው ሰዎች፣ «በአማርኛ በለው» ሲባሉ ነው ያልገባቸውን የሚያገኙት።

የመጀመሪያው ስብሰባ ግማሹ በቃላት ላይ ይዋል። ይህን መዝለል ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።

«ራሲዮ»ን ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ምክንያት» ይለዋል። በአማርኛ ግን ምክንያት ማለት አንድን ነገር ያስከተለው ነገር ነው፤ «ምክንያት አታብዛ» ሲባል ደግሞ ሰበብ ማለት ነው። «እምነትና ምክንያት» ብሎ የሚጀምር ቡድን፣ «ለማመን ምክንያት ያስፈልጋል ወይ?» ወደሚል ሌላ ጥያቄ ሳያውቀው ይንሸራተታል። «አመክንዮ» ደግሞ ይጠባል፤ የክርክርን ሥርዓት እንጂ የሚያስበውን ኃይል አይገልጽም። ስለዚህ እንዲህ ተስማሙ፦ እውነትን ለሚፈልገውና ለሚያገኘው ኃይል «አእምሮ»፣ ለአንድ ነገር መነሻ «ምክንያት»፣ ለክርክር ሥርዓት «አመክንዮ»። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

«እምነት»ም ሁለት ፊት አለው። አንዱ ማመን የተባለው ድርጊት ነው፤ ሌላው የሚታመነው ትምህርት። ለሁለተኛው «ሃይማኖት» የሚለው ቃል አለን፣ ተጠቀሙበት። ግእዝ እዚህ ላይ ትልቅ ስጦታ ይሰጣል፦ «አምነ» አመነ ማለት ነው፤ «አማን» ደግሞ እውነት። ሁለቱ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በቅዳሴ «በአማን» የሚል ሁሉ እምነትንና እውነትን በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። መልእክቱ በ108 ቁጥሮች የሚሟገትለትን ዝምድና ቋንቋው ቀድሞ ይዞታል።

«ፍልስፍና» ላይም ጥቂት ቆዩ። «አትፈላሰፍብኝ» በሚባልበት አገር ቃሉ የባዶ ንግግር ሽታ አለው። ቁጥር 3 ወደ ጥንት ትርጉሙ፣ ወደ ጥበብ ፍቅር ይመልሰዋል። ቁጥር 4 ደግሞ ማንም ሰው ሳይማር የያዛቸውን መሠረቶች ይዘረዝራል፦ አንድ ነገር በአንድ ጊዜና በአንድ አንጻር እውነትም ሐሰትም አይሆንም፤ ነገሮች ምክንያትና ዓላማ አላቸው፤ ሰው ነጻና አስተዋይ ነው። ገበሬውም ሾፌሩም በእነዚህ ይኖራል። ይህን ያየ ተሳታፊ «እኔ ፍልስፍና አላውቅም» ማለቱን ይተዋል።

የንባቡ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ 1–6። ከዚያ ምዕራፍ አንድንና ሁለትን ዝለሉና በቀጥታ ወደ ምዕራፍ ሦስት ሂዱ፦ በሁለተኛው ስብሰባ 24–30፣ በሦስተኛው 31–35። ከዚያ ተመለሱ፦ በአራተኛው 7–15፣ በአምስተኛው 16–23። ስድስተኛው 36–44፣ ሰባተኛው 45–48 ብቻ፣ ስምንተኛው ምዕራፍ አምስትና ስድስትን በመምረጥ፣ ዘጠነኛው 80–91፣ አሥረኛው የቀረው።

ምዕራፍ ሦስትን ማስቀደማችን ለማስተማር ሲባል ነው፤ የደራሲው ሐሳብ እንዳልሆነ ለቡድኑ ንገሩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እግዚአብሔር ራሱን መግለጡን ያስቀደሙት አውቀው ነው። እምነት የሰው ፍለጋ ውጤት አይደለም፣ ስጦታ ነው። ይህን ካልተናገራችሁ ተሳታፊዎች እግዚአብሔርን የሐሳብ መሰላል ጫፍ ላይ የተቀመጠ መደምደሚያ አድርገው ይወጣሉ። ቢሆንም ምዕራፍ ሦስት ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ቦታ ስለሚነሣ መግቢያ በር ይሆናል። ቁጥር 26 ስለ ሞት ይናገራል፤ ከመኖራችን ቀጥሎ ፍጹም እርግጠኛ የሆንበት እውነት መሞታችን ነው ይላል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ለምን?» ያላለ ሰው የለም። ከዚያ ጥያቄ ጀምሩ።

አንድን ቁጥር እንዴት መፍታት እንደሚቻል

አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ከዚያ በአራት ጥያቄ ሂዱበት፦ ምን ይላል? ለማን ነው መልስ የሚሰጠው? ማስረጃው ምንድን ነው? ምን አይልም? የአንድምታ ትርጓሜን የሚያውቅ ሰው አካሄዱ አይገርመውም፤ ንባቡን ሳያጠሩ ወደ ምሥጢሩ አይገባም። አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ከስሕተት የሚያድነው ግን እርሱ ነው።

በቁጥር 31 እና 32 እንየው። ምን ይላል? ሰው እውነትን ፈላጊ ነው፤ ነገር ግን በራሱ ካረጋገጠው ይልቅ ሌሎችን አምኖ የተቀበለው እጅግ ይበዛል። ለማን ይመልሳል? «ያላረጋገጥኩትን አልቀበልም» ለሚል። ማስረጃው ምንድን ነው? የራሳችን ኑሮ። እዚህ ላይ ለተሳታፊዎች አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ «የተወለዳችሁበትን ቀን እንዴት አወቃችሁ?» እናቴ ነገረችኝ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት አይቻለሁ፣ መታወቂያዬ ላይ አለ። ወረቀቱን የጻፈው ሰውም ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው። ከተሳታፊዎቹ በራሱ ዓይን ያየ አንድም የለም፤ የሚጠራጠር ደግሞ አይገኝም። ከዚያ ከመድኃኒት ቤት ስለሚገዛው ክኒን ጠይቁ። ውስጡ ምን እንዳለ ማን መረመረ?

አሁን አራተኛው ጥያቄ፦ ምን አይልም? ማንንም እመኑ አይልም። እናታችንን የምናምናት በቦታው ስለነበረችና ልታታልለን ስለማትሻ ነው። አንድን ምስክር ለማመን ማወቁንና ሐቀኝነቱን እንመዝናለን፤ ይህ ሚዛን የአእምሮ ሥራ ነው። ስለዚህ «ሁሉም ነገር በጭፍን ነው የሚታመነው፣ እኔም የወደድኩትን አምናለሁ» የሚል ተሳታፊ ከተነሣ ጽሑፉን ገልብጦታል። ሌላው ስሕተት የሰውን መተማመንና የእግዚአብሔርን እምነት አንድ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ለመረዳት ይረዳል እንጂ አይተካውም፤ ሁለተኛው ጸጋ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከቁጥር 153 እስከ 159 ይህን በአጭሩ ስለሚያስቀምጠው ለሦስተኛው ስብሰባ አብሮ ይነበብ።

የአረፍተ ነገር መደርደሪያ

ቁጥር 30 እውነት በተለያየ መልክ እንደሚገኝ ይናገራል፦ በቀጥታ የሚታይ ወይም በሙከራ የሚረጋገጥ፣ በአእምሮ ምርምር የሚደረስበት የፍልስፍና እውነት፣ እና የሃይማኖት እውነት። ይህን በቃል ማስረዳት አድካሚ ነው፤ በካርድ አሠሩት። ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ 8 ወይም 10 አረፍተ ነገር ጽፋችሁ ወደ ሦስቱ ክምር ያከፋፍሉ። ለምሳሌ «ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴልሲየስ ይፈላል»፤ «ሰውን እንደ ዕቃ መጠቀም ክፉ ነው»፤ «ክርስቶስ ከሙታን ተነሥቷል»።

በመጨረሻ ይህን አስገቡ፦ «ሳይንስ ያላረጋገጠው ነገር እውነት አይደለም።» ወረቀቱን የያዘው ሰው የት እንደሚያስቀምጠው ይቸገራል፤ ሊቸገርም ይገባል። ከመጀመሪያው ክምር እንዳይገባ፣ በየትኛው ቤተ ሙከራ ነው የተረጋገጠው? ከሁለተኛው ከገባ ደግሞ በራሱ ፍርድ ውድቅ ይሆናል። ቁጥር 88 ሳይንቲዝም የሚለው ይህንኑ አቋም ነው። ሳይንስን አልነቀፈም፤ የነቀፈው ከሳይንስ በቀር ዕውቀት የለም ባይነትን ነው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አረፍተ ነገሩ ሲወድቅ ቡድኑ ደስ ይለውና እግዚአብሔር መኖሩ የተረጋገጠ ይመስለዋል። አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው ጥያቄው ክፍት መሆኑ ብቻ ነው።

ሁለቱ ሕመሞች፦ ቁጥር 48

አንድ ቁጥር ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ያንብብ። ለዚህ ነው ለሰባተኛው ስብሰባ አራት ቁጥሮች ብቻ የተመደቡት። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አእምሮ ከእምነት ሲለይ የመጨረሻ ግቡን ከዓይኑ ያጣል፤ እምነት ከአእምሮ ሲለይ ደግሞ በስሜትና በልምድ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። አእምሮ ሲደክም እምነት ይበረታል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው፤ እንዲያውም ወደ ተረትና ወደ አጉል እምነት የመውረድ አደጋ አለበት።

ሁለተኛው ሕመም በመካከላችን በግልጽ ይታያል። «እየጸለይኩ ነው፤ መድኃኒቱን አቁሜያለሁ» የሚል ሕመምተኛ ብዙ እምነት ያለው ሊመስለን ይችላል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አውጡና አንብቡ፦ ሐኪምን አክብር፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም። በዚያው ምዕራፍ ጸሎትም አለ፣ ሐኪምም አለ። አንዱ ለሌላው ቦታ አልለቀቀም። ይህን ርእስ ስታነሡ ማንንም በጣት አታመልክቱ፤ ከተሳታፊዎቹ ቤት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሊኖር ይችላል፣ የሚያስፈልገውም ክርክር ሳይሆን በርኅራኄ የሚናገር ወዳጅ ነው።

በዚሁ ስብሰባ ጋሊሊዮ መነሣቱ አይቀርም። እናንተው ቀድማችሁ አንሡት፣ እውነቱንም ሳታድበሰብሱ ተናገሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1633 ሮም ላይ ተፈርዶበት ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ትምህርቱን እንዲክድ ተደርጓል። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ጉዳዩን እንደገና የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1992 ለጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ ባደረጉት ንግግር በጋሊሊዮ ዘመን የነበሩት የነገረ መለኮት ሊቃውንት መሳሳታቸውን ተናገሩ፤ የሰማይን አቀማመጥ የሚመለከተውን የሃይማኖት ጉዳይ አድርገውታልና። «ጋሊሊዮም እኮ በቂ ማስረጃ አልነበረውም» የሚል መከላከያ ይመጣል። በከፊል እውነት ነው፤ ከባሕር ውሃ መሙላትና መጉደል ያቀረበው ማስረጃ የተሳሳተ ነበር፣ የከዋክብት ቦታ በምድር ዙረት ምክንያት ሲለወጥ የተለካውም እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። ግን ይህ ፍርዱን አያጸድቀውም፤ እንደ ሰበብ አትጠቀሙበት። ይልቅ ወደ ቁጥር 34 የግርጌ ማስታወሻ ውሰዷቸው። መልእክቱ የእምነትና የሳይንስ እውነቶች ሊቃረኑ አይችሉም የሚለውን አቋም የራሱ የጋሊሊዮ አድርጎ ያነሣዋል። ይህን ያልጠበቀ ሰው ብዙ ነው።

ተቃራኒው ፈተናም አለ። አጽናፈ ዓለሙ እየሰፋ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1927፣ ከአንድ ጥንታዊ አተም ተነሣ የሚለውን (በኋላ ቢግ ባንግ የተባለውን) ሐሳብ በ1931 ያቀረቡት ቤልጂጋዊው ጆርጅ ለሜትር ካቶሊክ ካህን ነበሩ። ደስ ይላል፤ ግን «ቢግ ባንግ ኦሪት ዘፍጥረትን አረጋገጠ» እንዳትሉ። ካህኑ ራሳቸው ንድፈ ሐሳባቸው ከማናቸውም የሃይማኖት ጥያቄ ውጭ የሚቆም መሆኑን አጥብቀው ይናገሩ ነበር። ዛሬ በሳይንስ ላይ የተደገፈ ማስረጃ ነገ ሳይንሱ ሲሻሻል አብሮ ይወድቃል።

አእምሮ የማይደርስበት

ቀዳማዊ የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1870 ሁለት ነገር አብሮ አስተማረ፦ የሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ የሆነው እግዚአብሔር በተፈጥሮ የአእምሮ ብርሃን በእርግጥ ሊታወቅ ይችላል፤ ደግሞም እግዚአብሔር ካልገለጣቸው በቀር የማይታወቁ ምሥጢራት አሉ። «ሊታወቅ ይችላል» የሚለው ላይ አተኩሩ፤ ሁሉም ሰው በቀላሉ ያውቀዋል አላለም። በሁለተኛው በኩል ደግሞ ምሥጢረ ሥላሴ ይገኛል። የፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ምሳሌው ያመነውን ሰው እንዲያስተውል ያግዘዋል፤ ላላመነ ሰው ግን ማስረጃ አይሆንም። የመካከለኛው ዘመን የነገረ መለኮት ሊቅ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ሥላሴን በተፈጥሮ አእምሮ ለማረጋገጥ የሚሞክር እምነትን ይጎዳል ይላል፤ የማያምኑት «የሚያምኑት በዚህ ደካማ ነገር ነው» ብለው እንዲስቁ ያደርጋልና። ምሳሌውን ምሳሌ ብላችሁ አቅርቡት።

ቁጥር 23 ላይ ስትደርሱ የመስቀሉን በዓል አስታውሱ። የቆሮንቶስ መልእክት መስቀል ለዓለም ጥበብ ሞኝነት መሆኑን ይናገራል። «ፊደስ ኤት ራሲዮ» መስቀልን የአእምሮ መቃብር አላደረገውም፤ የእምነትና የፍልስፍና መርከብ የምትሰበርበት ዓለት ነው፣ ካለፉት ግን ወደ ወሰን የለሹ የእውነት ውቅያኖስ ያደርሳል ይላል። ይህን ቁጥር ካነበባችሁ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል ዝም በሉ።

ምዕራፍ አምስትና ስድስት በአንድ ስብሰባ

ሁሉንም አታንብቡ። ቁጥር 49 ቤተ ክርስቲያን የራሷ የሆነ ፍልስፍና እንደሌላት፣ አንዱንም ከሌሎቹ ለይታ ሕግ እንደማታደርግ ይናገራል፤ «ካቶሊክ ማለት ቶማሳዊ (የቶማስ አኲናስ ፍልስፍና ተከታይ) ማለት ነው» የሚል ካለ ይህን ያንብብ። ቁጥር 52 ቤተ ክርስቲያን በሁለቱም በኩል መገሠጿን ያሳያል፦ አእምሮን የሚንቀውንም፣ ለአእምሮ ከአቅሙ በላይ የሚሰጠውንም። ከዚያ ወደ 72 እለፉ። በዋናነት ስለ ህንድ ቢናገርም እምነት ባህልን ሲያገኝ ምን ሊሆን እንደሚገባው መመዘኛ ያስቀምጣል፤ ለእኛም ይሠራል። የግእዝ ሊቃውንት «አካል»ና «ባሕርይ»ን ለይተው ለዘመናት የተከራከሩበት ቋንቋ ለነገረ መለኮት ድሃ አይደለም።

«የኔ እውነት»

ከ86 እስከ 91 የዘመኑን የአስተሳሰብ ስሕተቶች ይዘረዝራል። ስሞቹ ከባድ ስለሆኑ ከስሙ ሳይሆን ከአነጋገሩ ተነሡ። «ያኔ እውነት ነበር፣ ዛሬ ዘመኑ አልፎበታል» (ሂስቶሪሲዝም)። «ከሠራ ይበቃል» (ፕራግማቲዝም)። «ሁሉም ከንቱ ነው፣ ትርጉም የለውም» (ኒሂሊዝም)። ተሳታፊዎች እነዚህን ከሰሙት ንግግር፣ ከፌስቡክ ወይም ከቲክቶክ ምሳሌ ያምጡ፤ የሰው ስም ግን አይጠራ።

ከሁሉ የሚበዛው «ሁሉም ሰው የራሱ እውነት አለው» የሚለው ነው። ወደ ገበያ ውሰዱት። አንዲት እናት ንጹሕ ማር ብለው ገዝተው ቤት ሲቀምሱት ስኳር ሆኖ ቢያገኙት፣ «ለነጋዴው ንጹሕ ማር ነው፣ ለእኔ ግን ስኳር» አይሉም፤ ተታለልኩ ይላሉ። ቁጥር 25 የቅዱስ አውግስጢኖስን ቃል የሚያመጣው ለዚህ ነው፦ ሌላውን ማታለል የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ መታለል የሚፈልግ ግን አንድም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ተረትም የሚጠራ እውነት እንዳለ ቀድሞ ይቀበላል።

ሆኖም «የኔ እውነት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሊናገር የፈለገው «አትጫኑኝ፣ ስሙኝ» ነው። ያንን ስጡት። ሰውን ማክበርና ሐሳቦችን ሁሉ እኩል ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን የሚረዳው፣ ከተከበረ በኋላ ነው።

መዝገቡ

በየስብሰባው ያልተመለሱ ጥያቄዎች የሚጻፉበት አንድ ደብተር ይኑር፤ ጥያቄው በጠያቂው ቃል እንዳለ ይጻፍ፣ አታሳምሩት። አወያዩ የማያውቀውን «አላውቅም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ» ብሎ ይጻፍና በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ይመለስበት። ከባዱን ለቆሞሳችሁ ወይም ነገረ መለኮት ለተማረ ሰው አሳዩ።

እምነቱ የተናጋ ወይም የሌለው ሰው መምጣት ከፈለገ አስገቡት። መልስ እንዲሰጥ አታስገድዱት፣ እንዲቀየርም አትቁጠሩበት። ቁጥር 33 አእምሮ ራሱ በፍለጋው መተማመን ያለበት ውይይትና እውነተኛ ወዳጅነት ያስፈልገዋል ይላል። ያን ቁጥር ከደረሳችሁ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላችሁ እርሱን ጠይቁት።